የማይድን ቁስልና የደም ስር

ጋዜጠኛ ያልገባውን ይጠይቃል እያልን እንማራለን አይደል? እኔ ግን ባለፈው ዓመት ሳልጠይቅ ወጣሁ።

አጎቴ እዚሁ መቐለ ሾፌር ናቸው። ምላሳቸው ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ወጣች። «ጥርሴ ነው የሚፍቃት» እያሉ አራት ወር ያህል ቆዩ። አታምም፤ ታዲያ ማን ይጨነቃል? በምርመራ ካንሰር መሆኑ ሲነገረን ሐኪሙ «የራሱን የደም ስር አብቅሏል» አሉ። እኔም የገባኝ መስዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። ነገሩ ስላልለቀቀኝ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ።

ዕጢ ሲጀምር የራሱ የደም ስር የለውም። ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኘው ከአጠገቡ ካሉት ስሮች ሰርጎ ከሚደርሰው ብቻ ነው። በዚህ ብቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አያድግም። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን ናቸው። ያኔ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም ነበር።

ታዲያ ዕጢው ደም እንዴት ይጠራል? መሐል ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያጥራቸው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህ የደም ስር ዕድገት አነቃቂ ነው። በአቅራቢያው ያለ የደም ስር ጋ ሲደርስ የስሩን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑት ሕዋሳት ይቀሰቀሳሉ፤ ይባዛሉ፤ መልእክቱ ወደመጣበት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። እንዲህ አዲስ ስር ይበቅላል።

እኔን ያስገረመኝ፣ ካንሰር እዚህ ላይ የፈጠረው አዲስ ነገር አለመኖሩ ነው። ፅንስ ሲያድግ የሚሠራው ይኸው ፕሮቲን ነው። አፋችን ውስጥ ትኩስ ሻይ ያቃጠለን ቦታ ሲድንም እንዲሁ። ልዩነቱ፣ ቁስል ሲሽር ጥሪው ይቆማል፤ ዕጢ ግን መጥራቱን አያቆምም። ሃሮልድ ድቮራክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን ከማይድን ቁስል ጋር ያመሳሰሉት ለዚህ ነው። ለአፍ ካንሰርማ ንጽጽሩ ቃል በቃል ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው የማይድን ቁስል ሆኖ ነው እኮ!

አዲሶቹ ስሮች ደግሞ ጠማማና የሚያፈሱ ናቸው። ቁስሉ በቀላሉ የሚደማው በከፊል ለዚህ ነው። የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ የሆነ ሌላ አነቃቂ የሊምፍ ስሮችን ያሳድጋል፤ የአፍ ካንሰር ሲሰራጭ ቀድሞ አንገት ላይ ወዳሉት ንፍፊቶች የሚሄደው በሊምፍ ስር በኩል ነው።

ጥሪውን የሚያፍን መድኃኒት አለ። አቫስቲን እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቅዷል። ለአፍ ካንሰር ግን ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምናና ጨረር ነው። ጨረር ደግሞ በአገራችን ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከመቐለ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ማለት ነበር። ስለዚህ ትንባሆ ወይም መጠጥ የሚያዘወትርም ሆነ የማያዘወትር፣ አፉ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካለ፣ ባያምም እንኳ ይታይ።

አጎቴ ከምላሳቸው ጎን ተቆርጦላቸው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። «ረ» የሚለው ፊደል ብቻ ያስቸግራቸዋል። ያነበብኩትን ስነግራቸው፣ «በገዛ ደሜ ነው ስቀልበው የከረምኩት በለኛ!» አሉኝ።