በር ሲከፈት የማይበርድ ቤት

ብርድ ባለበት አገር የእሳት አደጋ ጣቢያ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ሙቀቱን ይበትናል። ግዙፉ በር ይከፈታል፣ መኪናው ይወጣል፣ የጋራዡም ሙቅ አየር ተከትሎት ይወጣል። ጋራዡን ሳያሞቁ መተው ደግሞ አይቻልም፤ መኪናው የተሸከመው ውሃ በረዶ ከሆነ እሳቱ በምን ይጠፋል?

በአሜሪካ፣ በሲያትል አቅራቢያ ባለችው የኢሳኳ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው 72 ቁጥር ጣቢያ መላውን ያገኘው ከወለሉ ሥር ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ለብ ያለ ውሃ ይዘዋወራል። አየሩ ቢወጣም ወለሉ እንደ ሸክላ ምጣድ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በሩ እንደተዘጋ ቤቱ ይሞቃል፣ ከጎማው የሚንጠባጠበውም ውሃ ቶሎ ይደርቃል። ውሃውን የሚያሞቀው ከመሬት ጥልቀት ሙቀት የሚስብ ፓምፕ ነው። እንዲህ ላለ ወለል 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ውሃ ስለሚበቃ ፓምፑ ብዙ አይደክምም፤ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል።

አየሩ ግን ከሙቀቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን፣ በ2022 ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ራሱን ካንሰር ከሚያመጡት መደብ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ በጥሩ ጣቢያ ውስጥ የመኪናው ጭስ ማውጫ ላይ መምጠጫ ቱቦ ይገጠማል፤ መኪናው ሲወጣ ቱቦው በራሱ ይላቀቃል። የመኝታ ክፍሎቹ የአየር ግፊት ከጋራዡ ከፍ ይደረጋል፤ በመሐል ያለው በር ቢከፈት እንኳ አየር ከአልጋ ወደ ጋራዥ እንጂ ከጋራዥ ወደ አልጋ አይነፍስም። ከመኝታው የሚወጣው አየርም ሙቀቱን ለሚገባው ንጹሕ አየር አስረክቦ ይሄዳል። የጋራዡ ማራገቢያ ደግሞ ሴንሰሩ ጭስ ሲያሸት ብቻ ጠንክሮ ይሠራል፤ ቀን ከሌት ቢሽከረከር የሞቀውን አየር ሁሉ ጠርጎ ያወጣ ነበር።

ቧንቧውም የዚሁ ጥበቃ አካል ነው። ከእሳት የተመለሰ ቡድን ጥላሸቱን ለማስለቀቅ ባንድ ጊዜ ሻወር ይገባል፤ ስለዚህ ሙቅ ውሃው አስቀድሞ መጠራቀም አለበት። የሥራ ልብሱ በተለየ ክፍል ይታጠባል፤ የጋራዡ ፍሳሽም ዘይቱ ሳይለይ ወደ ከተማው መስመር አይለቀቅም።

ኃይል መቆጠብ እዚህ ቤት ሠራተኛውን ማስበረድ አይደለም። ከእሳት የተመለሰ ሰው የሚረግጠው ወለል ሙቅ፣ ተኝቶ የሚተነፍሰው አየር ንጹሕ ሲሆን ነው ንድፉ ሥራውን የሠራው።