የማቅለሽለሽ መድኃኒት አደንዛዥ ነውን?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ አይዘነጋውም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ፣ ከዚያም ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ፣ ከተሳፋሪዎች መካከል ፊታቸው የሚገረጣ፣ ሎሚ የሚያሸቱ፣ በመስኮት አንገታቸውን የሚያወጡ አይጠፉም። ለእንዲህ ያለው የጉዞ ሕመም ሐኪሞች ከሚያዟቸው መድኃኒቶች አንዱ ፕሮሜታዚን ይባላል። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው ማቅለሽለሹ ቢቀርለትም እንቅልፍ ይጫነዋል፤ አፉ ይደርቃል፤ ሲጠሩትም ቶሎ አይመልስም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይህን አይቶ «መድኃኒቱ አደነዘዘው» ቢል አይፈረድበትም። ታዲያ የሚያደነዝዝ ሁሉ አደንዛዥ ዕፅ ነውን? ሱስ ይይዘኛል በሚል ፍርሃት የታዘዘለትን መድኃኒት የሚተው ሕመምተኛ ስለሚኖር፣ ጥያቄው እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «አደንዛዥ» የሚለው ቃል የወጣው «አደነዘዘ» ከሚለው ግሥ ነው። ፈረንጆች «ናርኮቲክ» የሚሉትም መደንዘዝን ከሚያመለክተው «ናርኬ» ከተባለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የተነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። ሕግ ግን ቃሉን ወስዶ ሌላ ወሰን አበጀለት። እ.ኤ.አ. በ1961 በኒው ዮርክ የተደረገው የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ኦፒየምን፣ ሞርፊንን፣ ኮዴይንን፣ ካናቢስንና ኮኬይንን በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ኮኬይን ደግሞ ሰውን ያነቃቃል እንጂ አያስተኛም። እንግዲህ በሕግ ዘንድ መለኪያው እንቅልፍ ማምጣቱ ሳይሆን፣ ነገሩ ለሱስና ያለ አግባብ ለመጠቀም የተጋለጠ መሆኑ ነው። ፕሮሜታዚን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

በአሠራሩም ቢሆን ከሞርፊን ይለያል። ፕሮሜታዚን በ1940ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር የተሠራ ሲሆን፣ ሂስታሚን የተባለው የሰውነት ቅመም ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳል። ሂስታሚን ቆዳን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፤ በአንጎል ውስጥ ደግሞ ሰው ነቅቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ከውስጠኛው ጆሮ ተነሥቶ ማስታወክን ወደሚያዘው የአንጎል ክፍል በሚሄደው መልእክትም ድርሻ አለው። ስለዚህ ሂስታሚን ሲታገድ ማቅለሽለሹም ንቃቱም አብረው ይቀንሳሉ። ሞርፊን ግን የሚሠራው በሌላ በር ገብቶ ነው። ለዚህም ጥሩ ማስረጃ አለ፤ ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት የሞርፊንን ኃይል ሲሽር፣ የፕሮሜታዚንን እንቅልፍ ግን አያስለቅቅም።

ሰዎች ሁለቱን የሚያደባልቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞርፊን ራሱ ያቅለሸልሻል፤ በዚህም የተነሣ በሆስፒታል ሞርፊን የተወጋ ሕመምተኛ የማቅለሽለሽ መድኃኒትም ሊጨመርለት ይችላል። ከዚህም በላይ ፕሮሜታዚንና ኮዴይን በአንድ ጠርሙስ የተቀላቀሉበት የሳል ሽሮፕ አለ። በአሜሪካ አገር ይህን ሽሮፕ ከለስላሳ መጠጥ ጋር እየቀላቀሉ በመጠጣት ለሱስና ለሞት የተዳረጉ አሉ። የአሜሪካ ሕግ ድብልቁን በቁጥጥር ሥር ካሉት መድኃኒቶች ሲመድበው፣ ፕሮሜታዚን ብቻውን ሲሆን ግን የሐኪም ማዘዣ ከመጠየቅ አያልፍም። ሆኖም «የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሁሉ ከአደንዛዥ ወገን አይደለም» ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የተፈቀደው ድሮናቢኖል፣ የካንሰር መድኃኒት የሚያመጣውን ማስታወክ ቢያስታግስም፣ በካናቢስ ውስጥ ያለው ዋነኛ ቅመም ራሱ ነው፤ በቁጥጥር ሥርም ይገኛል።

ፕሮሜታዚን ከአደንዛዥ ዕፅ አለመቆጠሩ ጉዳት የሌለው አያሰኘውም። ትንፋሽ እስከ ማቋረጥ ሊያደርስ ስለሚችል ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም። ከአረቄና ከሌላ የአልኮል መጠጥ ወይም ከሞርፊን ጋር ሲገናኝ እንቅልፉ ይከብዳል፤ ትንፋሽም ይደክማል። በዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ተሳፋሪው ወስዶት ቢያንቀላፋ ጉዞው ያጥርለታል፤ መሪ የያዘው ሾፌር ግን ሊወስደው አይገባም።