ከካርቲየ 3 የሚላክን የዋትስአፕ መልዕክት የሚጠብቀው ባለ 77 አሃዝ ቁጥር

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 3 የሚኖር ኢትዮጵያዊ ደሴ ላሉት እናቱ የሐዋላ ምስጢር ቁጥር በዋትስአፕ ሲልክ፣ መልዕክቱ በበርካታ ኩባንያዎች መስመርና ባሕር ማዶ ባሉ ሰርቨሮች በኩል ያልፋል። ሆኖም መስመሩን የሚቆጣጠር አካል ጽሑፉን ማንበብ አይችልም። ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በ57896 ጀምሮ በ949 የሚያበቃ፣ 77 አሃዞች ያሉት ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው 255 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 19 በመቀነስ ነው። በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ወይም ፕራይም ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

ብቸኛ መሆኑ ለምን አስፈለገ? ሰዓትን ማሰብ ይረዳል። በ12 ሰዓት ዙር ላይ 3 በ4 ሲባዛ ወደ መነሻው ይመልሳል፤ 3 በምንም ቁጥር ቢባዛ ግን 1 ላይ አያደርስም። በመሆኑም በዚህ ዙር በ3 ማካፈል አይቻልም። ዙሩ እንደ ኢትዮጵያ ወራት 13 ቢሆን ነገሩ ይለወጣል። 5 በ8 ተባዝቶ 40 ይሆናል፤ ሦስት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 39፣ ሲቀነስለት 1 ይቀራል። ስለዚህ በ5 ማካፈል በ8 ከማባዛት ጋር አንድ ነው። 13 ብቸኛ ቁጥር በመሆኑ ከዜሮ በቀር በየትኛውም ቁጥር ማካፈል ይቻላል። የምስጢር ስሌቱም የሚፈልገው እንዲህ ያለ ዙር ነው፤ ልዩነቱ ስፋቱ ብቻ ነው።

የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቁ ዳንኤል በርንስታይን በዚሁ ቁጥር ላይ የመሠረተውን ከርቭ 25519 የተሰኘ ስልት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 አሳተመ። በዚህ ስልት እያንዳንዱ ስልክ ለራሱ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ቁጥር ይመርጣል፤ ሁሉም ከሚያውቀው አንድ ነጥብ ተነስቶ የቁጥሩን ያህል ይዘልና ያረፈበትን ቦታ ለሌላው ይልካል። ቀጥሎ ሌላው ካረፈበት ተነስቶ የራሱን ያህል ይዘላል። ሁለቱም አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ ቁልፋቸውም ከዚያ ይቀዳል። ጽሑፉን ራሱን የሚቆልፈው ሌላ ስልት ነው። በመሐል ያለ ሰላይ ማረፊያዎቹን ቢያይ እንኳ የዝላዩን ቁጥር ለማወቅ፣ እስካሁን በሚታወቁት መንገዶች፣ ብዛቱ በ38 አሃዝ የሚጻፍ እርምጃ ይጠብቀዋል።

የ19 ትንሽነትም ጥቅም አለው። ከገደቡ ያለፈው የስሌት ክፍል በ19 ተባዝቶ ከቀሪው ጋር ይደመራል፤ ረጅም ማካፈል አያስፈልግም። ርካሽ ስልክም ሥራውን በፍጥነት ይጨርሳል። በ2024 ይፋ የሆነውና በወቅቱ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ ለስልክ ግን ከሸክም የተለየ ነገር አይሆንም።

የቁጥሩ ጥበቃ ወሰን አለው። ማን ለማን፣ መቼ እንደጻፈ አይሰውርም፤ ተከፍቶ ሌላ ሰው እጅ የገባ ስልክንም አይከላከልም። በቴሌግራም ደግሞ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የሚዘልቅ ቁልፍ ያለው 'ምስጢራዊ ውይይት' የሚባለው ክፍል ብቻ ነው። በተለመደው የቴሌግራም ገጽ የሚላክ የሐዋላ ቁጥር በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ መክፈቻውም ኩባንያው ዘንድ አለ።