ከቀለሙ በፊት፦ የፋይበርግላስ አውሮፕላን ገላና የደጋው ፀሐይ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ድጓው በብራና ላይ ከመጻፉ አስቀድሞ ቆዳው ይታጠባል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። ይህ ድካም ከተጓደለ ቀለሙ በወጉ አይዝም። ብራና ፋቂዎች በልምድ የደረሱበትን ይህን እውነት፣ በገዛ እጃቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎችም ሥራቸው ሊያልቅ ሲቃረብ ያገኙታል። ልዩነቱ፣ በአውሮፕላን ላይ የዝግጅት ጉድለት ከውበት አልፎ ሕይወትን የሚነካ መሆኑ ነው።

አውሮፕላን መሥራት ለሀገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። «ፀሐይ» የተሰኘችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በአዲስ አበባ ተሠርታ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ፣ በ2024 ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። አቶ አስመላሽ ዘፈሩም እ.ኤ.አ. በ2015 ራሳቸው በሠሩት አነስተኛ አውሮፕላን ለመብረር ሞክረዋል። በፋይበርግላስ የመሥራት ዘዴ በግለሰቦች ዘንድ የተስፋፋው ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ በርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ቫሪኢዚ» የተባለውን አውሮፕላን ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። በክንፍ ቅርጽ በተቆረጠ ፎም ላይ የብርጭቆ ጨርቅ ይነጠፍና በኤፖክሲ ሙጫ ይርሳል፤ ሙጫው ሲጠነክር አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው ያ ስስ ቅርፊት ነው።

ቅርፊቱ ግን የሽመናውን ሸካራነት ይዞ ይቀራል። በቅድሚያ፣ አንዳንድ ኤፖክሲ ሲደርቅ በላዩ የሚተወው ቅባት መሰል ነገር በውሃ መታጠብ አለበት፤ ሳይታጠብ ቢፋቅ ቀለሙ አይጣበቅም። ቀጥሎ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ረቂቅ የብርጭቆ እንክብሎች በኤፖክሲ ተለውሰው፣ ቤት እንደሚመረግ፣ ይቀባሉ። ሲደርቅ በረጅም ጣውላ ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ጣውላው ጉድጓዱን ዘሎ ጉብታውን ብቻ ይነካልና። መፋቅ ያለበት ሙሌቱ እንጂ ጨርቁ አይደለም፤ ክሮቹ ከተቆረጡ የክንፉ ብርታት አብሮ ይቀንሳል። አቧራው ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነ የመተንፈሻ ጭንብል ግድ ነው። በመጨረሻ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ፕራይመር ብቻውን አይደፍናቸውም፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ሁሉ፣ ቀጭን ኤፖክሲ በላያቸው እየታሸ ይሞላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የአውሮፕላኑ የገጽ ስፋት 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና ሙሌቱ በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢቀር፣ ይዘቱ 20 ሊትር ይሆናል። አንዱ ሊትር 0.6 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ሙሌቱ 12 ኪሎ ግራም ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሊትር 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀለም ደግሞ 6 ኪሎ ግራም ይጨምራል። 3000 ሜትር በሚደርሰው የጋይንት ደጋ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ለመነሣት የሚያስፈልገውን ሜዳ ያስረዝማል።

«ደጋው ብርድ ስለ ሆነ ፀሐዩ አይጎዳም» የሚል አንባቢ ቢኖር አንስማማም። በየ1000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። የሞገድ ርዝመቱ 300 ናኖ ሜትር የሆነ የብርሃን ቅንጣት 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ሲይዝ፣ ሁለት የካርቦን አተሞችን ያያያዘውን ሰንሰለት ለመበጠስ 3.6 ያህል ይበቃል። ያልተሸፈነ ኤፖክሲ ቢጫ እየሆነ፣ ቀስ በቀስም ዱቄት እየሆነ የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህም ካርቦን ወይም ቲታኒየም ኦክሳይድ ያለበት፣ ጨረሩን የሚያግድ ፕራይመር ከቀለሙ በታች ይቀባል።

ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ከእስቴና ከጋይንት በላይ የሚታየው ጉና ከ4000 ሜትር ሲያልፍ፣ ስማዳ ቁልቁል ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ይወርዳል። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኤፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራል፤ በቆላ ፀሐይ የቆመ ጥቁር ገጽም እዚህ ሊደርስ ይችላል። ነጭ ቀለም ግን አብዛኛውን ብርሃን ይመልሳል። እነዚህ አውሮፕላኖች በብዛት ነጭ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከቅቡ በኋላ የክንፍና የጅራት መቆጣጠሪያዎች ሚዛን እንደገና ይለካል። ከማጠፊያው በስተኋላ የተጨመረ ጥቂት ቀለም የክብደታቸውን ማዕከል ወደ ኋላ ስቦ፣ በፍጥነት ጊዜ ክፍሉን እስከ መስበር የሚደርስ መርገብገብ ሊያስነሣ ይችላልና።

ተማሪዎቻችን ይህን በቀላሉ ሊፈትኑት ይችላሉ። ሁለት የፋይበርግላስ ቁራጮችን አንዱን ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር ቀብተው በቀትር ፀሐይ ያስቀምጡ፤ ሙቀታቸውንም በቴርሞሜትር ይለኩ። ነገ አውሮፕላን ለመሥራት የሚነሣ ወጣት ቀለሙን ከመምረጡ በፊት ይህን ልዩነት በእጁ ለክቶ ቢያውቀው እንመኛለን።