ከቀዶ ጥገና በኋላ ስለሚደረግ የደም ምርመራ

ከወገብ በታች ስለሚሆን ደዌ በአደባባይ መናገር በብዙዎች ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከአባቶቻችን የወረስን ስለ ሆነ፤ ዛሬ ስለ ፕሮስቴት ነቀርሳ፤ ይልቁንም ዕጢው በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፤ ከሽንት ፊኛ በታች የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው። ይህም ዕጢ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል፤ ከዚሁም ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ በሮዝዌል ፓርክ የሚሠሩ ሊቃውንት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ይህን ፕሮቲን ለይተው አወጡት። የአሜሪካ መንግሥትም በ1986 ዓ.ም. የደሙን ምርመራ ሲፈቅድ፤ በመጀመሪያ የፈቀደው በሽታው ቀድሞ የተገኘባቸውን ሰዎች ለመከታተል ነበር።

ዕጢው በሙሉ ሲወጣ ፕሮቲኑን የሚያመነጭ ሥፍራ አይቀርም። በደም ውስጥ የቀረውም በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ በግማሽ እየጐደለ ሄዶ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መሣሪያ ሊለካው እስከማይችል ድረስ ያንሳል። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ መጨመር ከጀመረ፤ ከበሽታው ሴሎች ጥቂቶቹ በአንድ ሥፍራ ቀርተው እንደ ሆነ ያስጠረጥራል። ጠፋ ከተባለው ምድጃ ጢስ ሲወጣ ከዐመዱ በታች ፍም መኖሩ እንደሚታወቅ ማለት ነው።

ሐኪሞች ተመለሰ የሚሉበት የተለመደው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 0.2 ናኖግራም ነው። ናኖግራም ማለትም ግራም ለሺህ ሚሊዮን ቢከፈል አንዱ እጅ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ምስክር ቃል ፍርድ እንደማይጸና ሁሉ፤ በአንድ ቍጥርም አይፈረድም፤ ሁለተኛ ምርመራ ሊያጸናው ይገባል። ልኬቱ እንዳይለያይም ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ መመርመር ይሻላል። ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 ወይም በየ6 ወሩ፤ ኋላም በየዓመቱ ይደረጋል።

ችግሩ ግን ሰውየው ምንም ሕመም ሳይሰማው ቍጥሩ ሊጨምር መቻሉ ነው። እኛ የምናውቃቸው አንድ ሽማግሌ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሦስት ዓመት በደኅና ቢቈዩ፤ «እኔ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ደሜን ለምን እሰጣለሁ?» ብለው መመርመሩን ተዉ። ባለቤታቸው ግን ወረቀቱን ሁሉ ከግብር ደረሰኝ ጋር በሣጥን ያኖሩ ነበርና፤ «እርስዎ የሰው ቀጠሮ ሰብረው አያውቁም፤ የራስዎን ስለ ምን ይሰብራሉ?» አሏቸው። ሽማግሌውም አፍረው ሄዱ። ቍጥሩ 0.2 ሆኖ ተገኘ፤ በሁለተኛውም ምርመራ 0.3 ሆነ። ወዲያው በጨረር ታክመው ቍጥሩ ተመልሶ ወረደ፤ ዛሬም ቀጠሯቸውን ይጠብቃሉ።

የጨረር ሕክምና ይበልጥ የሚጠቅመው ቍጥሩ ገና ዝቅተኛ ሳለ፤ ይልቁንም ከ0.5 ሳያልፍ ሲጀመር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» መባሉ ለዚህም ይሆናል። ቢሆንም ቍጥሩ ጨመረ ተብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም። በባልቲሞር ከጆንስ ሆፕኪንስ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ጥናት፤ ቍጥሩ ከጨመረ በኋላ በሽታው ወደ ሌላ አካል እስኪዛመት ድረስ በመካከለኛ ግምት 8 ዓመት እንደሚያልፍ አሳይቷል። እንዲያውም ጭማሪው እጅግ ዝግ ያለ ሲሆን፤ ሐኪሙ ሳያክም በመከታተል ብቻ የሚቈይበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ይህ ሕክምና የተደረገለት አባት የምርመራውን ቀንና ቍጥር ጽፎ ያኑር፤ ለባለቤቱም አይሸሽግ። ለወንዶች ልጆቹና ለወንድሞቹም ይንገራቸው፤ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የቀረበ ነውና። እፍረት ለአንድ ቀን ነው፤ ዝምታ ግን ቤተ ሰብን ሁሉ ይጐዳል።