ረግረግ በኮረብታ ጫፍ ላይ

ረግረግ ሲባል አእምሯችን ወደ ሜዳ ይሄዳል፤ ውኃ ወርዶ የሚተኛበት ዝቅተኛ ስፍራ ነውና። በአየርላንድ ገጠር ግን አነስተኛ ኮረብታ የሚወጣ ሰው ወደ ጫፉ ተቃርቦም ጫማው ሲሰምጥ ያገኘዋል። ውኃው ስለ ምን ቁልቁል አይወርድም?

በዚያ አገር ከዓመት እስከ ዓመት ይዘንባል፤ ቅዝቃዜውም ትነቱን ያሳንሰዋል። በዚህ ላይ ስፋግነም የተባለው ሥር አልባ ተክል ከደረቅ ክብደቱ 20 እጥፍ የሚደርስ ውኃ ይይዛል። ተክሉ ሲሞት ኦክስጅን ስለሚያጥር በቅጡ አይበሰብስም፤ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ተደራርቦ ፒት የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ንጣፍ ይሠራል። የታችኛው ንብርብር ውኃ የሚያሳልፈው እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ ውኃ የሆነ ነገር ኮረብታውን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት ይኖራል።

እርምጃችንን እናስላ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ700 ኒውተን ገደማ ኃይል መሬቱን ይጫናል። የአንድ ጫማው ስፋት 0.02 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በሁለት እግሩ ሲቆም ግፊቱ 17.5 ኪሎ ፓስካል፣ በአንድ እግሩ ሲቆም 35 ይሆናል። ቆራጭ ኃይልን የመቋቋም አቅሙ 5 ኪሎ ፓስካል የሆነ ለስላሳ ፒት ደግሞ የሚሸከመው የዚህን አምስት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 25 ገደማ ነው። ቆመን ሳለ የተሸከመን መሬት፣ አንዱን እግር ስናነሣ ሌላውን ይውጠዋል። የሰመጠውን በቀጥታ ወደ ላይ መሳብም አያዋጣም፤ ከጫማው ሥር አየር ስለማይገባ የከባቢ አየር ግፊት ከላይ ይጫነዋል። ተረከዙን ወዝወዝ አድርጎ አየር ማስገባት ይሻላል። በዊክሎው ተራሮች መንገደኛው በእንጨት ርብራብ ላይ እንዲሄድ የተደረገውም አንድም ክብደቱ እንዲከፋፈል፣ አንድም ረግረጉ እንዳይጎዳ ነው።

ተዳፋቱን ስናስብ ግን ነገሩ ከጫማ ያልፋል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ የምንሥለው፣ በተዳፋት ላይ የተቀመጠው ግንድ የሚቆመው በሰበቃ ነው፤ ሰበቃ ደግሞ የሚጫን ክብደት ይሻል። ውኃ የጠገበ ፒት እፍጋቱ ከውኃ እፍጋት እምብዛም ስለማይበልጥ ለመንሳፈፍ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሰበቃውም እዚህ ግባ አይባልም። ቁልቁል የሚስበው ግን ውኃውን ጨምሮ ሙሉ ክብደቱ ነው! በቦታው የሚያቆየው በአመዛኙ የቃጫዎቹ መያያዝ ብቻ ነው፤ ሲቆፈር ወይም ሲጫኑት ይህ ይላላል።

በኦክቶበር 2003 እ.ኤ.አ. በጎልዌይ አውራጃ፣ ደሪብራየን በተባለ ስፍራ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በሚገነባበት ኮረብታ ላይ ንጣፉ ተንሸራተተ። 450,000 ሜትር ኩብ ገደማ ፒት ቁልቁል ተናደ፤ ወንዙ ተበከለ፣ ዓሦችም አለቁ። የማመንጫው የአካባቢ ተጽዕኖ በአግባቡ ሳይገመገም በመቅረቱ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 አየርላንድን 5 ሚሊዮን ዩሮና ጉዳዩ እስኪስተካከል የሚታሰብ የቀን መቀጮ ጣለባት። ተርባይኖቹም በ2022 መሽከርከራቸውን አቆሙ።