ፋጉሎ ከመግዛታችን በፊት፦ የዛፍ ቅጠል ስንት ያወጣል?

ዛሬ ከቡናና ከእህል ወጣ ብለን ስለ መኖ እናውራ። ወጣ አልኩ እንጂ ያው ገበያ ነው። ዋጃ ላይ ማሽላ ስገዛ ብዙ ገበሬ ዋጋው ከፍ ሳይል የሚሸጠው ለበሬው ፋጉሎ ለመግዛት ነው።

የራያ ቆላ ከብት በጋውን የሚያልፈው በማሽላ አገዳ ነው። አገዳ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች የሆነ መኖ ሲበላ፣ በከብቱ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ደቃቅ ተሕዋስያን ራሳቸው ይራባሉ። ስለዚህ አገዳ ፊቱ ተከምሮ ከብቱ ይከሳል። ሰኔ ላይ ወይ ማረስ ያቅተዋል፣ ወይ በርካሽ ይሸጣል።

በ100 ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በግምት፦
• የማሽላ አገዳ፦ ከ3 እስከ 5 ኪሎ
• የሰስባኒያና የሉኪኒያ ቅጠል፦ ከ20 እስከ 25 ኪሎ
• የኑግ ፋጉሎ፦ 30 ኪሎ ገደማ

በፕሮቲን ብቻ ከሄድን 3 ኪሎ ደረቅ ቅጠል 2 ኪሎ ፋጉሎን ይተካል ማለት ነው። የፋጉሎን የኩንታል ዋጋ ጠይቁና ሁለት ሦስተኛውን ያዙ፤ ለደረቅ ቅጠል ከዚያ በላይ አትክፈሉ። እርጥብ ቅጠል ግን ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። 4 ኩንታል እርጥብ ሲደርቅ 1 ኩንታል ቢሆን ነው።

ጥንቃቄም አለ። ሉኪኒያ ከቀን መኖው ሲሶ አይለፍ፤ ለአህያና ለበቅሎ አትስጡ፣ ፀጉራቸውን ያረግፋል። የግራር ቅጠል ጥሩ ነው፣ ግን ታኒን የሚባለው አፍ የሚያኮማትር ነገር ፕሮቲኑን ስለሚይዘው በላይኛው ሂሳብ አትተምኑት። ፍየል ከላምና ከበግ ይልቅ ይችለዋል።

መስኖ ያላችሁ ሰስባኒያን በቦይ ዳር፣ የሌላችሁ ድርቅ የሚችለውን ሉኪኒያን በአጥር ዙሪያ ትከሉ። ቅጠሉን በመስከረምና በጥቅምት ለምለም ሳለ ቆርጣችሁ በጥላ አድርቁ። ዩኒየኖች ስለ ዝርያው ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር ለኔ ለደላላው የሚጣደፍ ሻጭ ይመቸኛል። ግን ዘንድሮ በሬውን ያጣ ገበሬ ለከርሞ ማሽላ ይዞልኝ አይመጣም።

መልካም ገበያ!